የደም ሥር ይዝጋል እንዴ?

ቃሉን ያልሰማ የከተማ ልጅ አለ ብዬ አላምንም። አረንጓዴ ሻይ ፓኬት ላይ አለ። የፊት ቅባት ላይ አለ። ጁስ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከፓፓያው ሥዕል ሥር በቀይ ተጽፎ አለ። ጂም ውስጥ ዱቄት የሚበጠብጠው ልጅ ደግሞ በቀን ሦስቴ ይጠራዋል። አንቲኦክሲደንት! ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን የሁሉም ሰው መልስ አንድ ነው፤ “ቆሻሻ ያወጣል።” የምን ቆሻሻ? ከየት? በየት በኩል? እዚህ ጋ ወሬው ይቀየራል።

እኔ የምጽፈው ስለ ቆዳና ስለ ፊት መሸብሸብ አይደለም (ለሱ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ)። ስለ ደም ግፊት ነው፤ እናቶቻችን “ደም ብዛት” ስለሚሉት። ይህ ቃል በቅባት መልክ ፊት ላይ ሲለጠፍ የሚጎዳው ኪስን ብቻ ነው፤ የግፊት መድኃኒትን ተክቶ ሲገባ ግን ሰው ሊገድል ይችላል። ይሁንና እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። እንዲያውም በጣም ቆንጆ ሐሳብ ነው። ችግሩም እሱ ነው።

አክስቴ (እታባ ነው የምንላት) ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ግፊት እንዳለባት ከታወቀ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ታዞላታል። ሁለቱንም አትወዳቸውም። አምሎዲፒኑ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቷን ያሳብጠዋል፤ ኢናላፕሪሉ ደግሞ ደረቅ ሳል ለቆባታል፤ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ሳሏ ሲነሳባት የምታፍረው ነገር አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የማይዋጥላት ምንም ሳያማት መድኃኒት መዋጧ ነው። “ያላመመኝን ነገር ምን ብሎ ነው የሚያድነኝ?” ትላለች። መልስ የሌለው ጥያቄ አይደለም፤ ግን መልሱ አይታይም። ራስ ምታት የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ቁስል የለም። 180 በ110 ይዞ ሠርግ ላይ የሚጨፍር ሰው ሞልቷል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገ አገር አቀፍ ዳሰሳ ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 16 ከመቶ ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹ መድኃኒት አይወስዱም ነበር። (ከዚህ በታች ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ ጥናቶቹ የነሱ ናቸውና።) እንግዲህ በአንድ በኩል የማያም በሽታ፣ በሌላ በኩል የሚያሳብጥና የሚያስል መድኃኒት አለ። በመሐል ክፍተት አለ። ነጋዴ ክፍተት ይወዳል።

የሰፈራችን አንዲት ልጅ ናት ለአክስቴ የነገረቻት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የቡና አጣጫችን ናት፤ እሷም ራሷ ከበላይዋ ካለ ሰው ገዝታ፣ ከበታቿ ለሚመጣ ሰው መሸጥ ያለባት ሰው ናት። አንድ ቅዳሜ አክስቴን አጅቤ ስብሰባው ላይ ተገኘሁ። የሆቴል አዳራሽ፣ ነጭ የለበሱ ወንበሮች፣ ፕሮጀክተር፣ ሱፍ የለበሰ ወጣት። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ወጣቱ አንድ አቮካዶ ለሁለት ከፈለ። አንዱ ግማሽ ላይ ሎሚ ጨመቀ፤ ሌላውን እንዲሁ ተወው። ከዚያ ለአርባ ደቂቃ ያህል ስለ ሕይወቱ፣ ስለ ድሮው ድህነቱና ስለ አሁኑ መኪናው ነገረን። ሲጨርስ አቮካዶውን አነሳ። ሎሚ የነካው አረንጓዴ ነው፤ ሌላው ጠቁሯል። “ይኸው የእናንተ የደም ሥር!” አለ። “በየቀኑ ይዝጋል!” አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የገዛ ደም ሥራቸውን በዓይናቸው ያዩ ነው የሚመስለው።

አቮካዶው ውሸት አይደለም። የጁስ ቤቶቻችን ልጆችም ሎሚውን ጭምቅ የሚያደርጉት ለጣዕም ብቻ አይደለም። የተቆረጠ ፍሬ አየር ሲያገኘው ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፣ ይጠቁራል፤ የሎሚው አሲድና ቫይታሚን ሲ ያንን ያዘገየዋል። በሰውነታችን ውስጥም ኦክስጅን ያለ መዘዝ አይሠራም። ዴንሃም ሃርማን የተባለ አሜሪካዊ በ1956 እርጅናን ራሱን ከዚህ ጋር አያይዞት ነበር፤ ሰውነት በኦክስጅን ሲሠራ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ኤሌክትሮናቸው ያልተጣመረ፣ ያገኙትን የሚነጥቁ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ የነሱ ጉዳት ሲጠራቀም እናረጃለን አለ። አንቲኦክሲደንት ማለት እንግዲህ ለነዚህ ቀማኞች ከራሱ ሰጥቶ የሚያበርዳቸው ነገር ነው። ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ቤታ ካሮቲን፣ በሻይና በወይን ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች፤ ሁሉም እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው።

እና ይህ ከደም ግፊት ጋር ምን አገናኘው? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጥመው።

በ1980 ሮበርት ፈርችጎት የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ከባልደረባው ጋር ሆኖ አንድ እንቆቅልሽ ፈታ። ከጥንቸል ትልቁ የደም ሥር በተቆረጠ ቁራጭ ላይ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ሲጨመር አንዳንዴ ቁራጩ ይላላል፣ አንዳንዴ ይኮማተራል። ያው ደም ሥር፣ ያው ኬሚካል። ልዩነቱ የአዘገጃጀት ነገር ሆኖ ተገኘ። ቁራጩ ሲዘጋጅ የውስጥ ገጹ ተፈግፍጎ ከሆነ ይኮማተራል፤ ሳይነካ ከቀረ ይላላል። ለካ የደም ሥራችን ውስጥ የተነጠፈው፣ ከአንድ ሕዋስ የማይወፍረው ስስ ሽፋን (ኢንዶቴልየም ይሉታል) ዝም ብሎ የተለጠፈ ሽፋን አይደለም፤ ከበታቹ ላለው ጡንቻ “ላላ በል” የሚል መልእክት ይልካል። መልእክተኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ሲደረስበት ሰዉ ሁሉ ደነገጠ፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። ከመኪና ጭስ ማውጫ የሚወጣው ያው ጋዝ! ፈርችጎት ከሉዊስ ኢግናሮና ከፈሪድ ሙራድ ጋር ለዚህ ሥራ በ1998 ኖቤል ተሸለሙ። በዚያው ዓመት ገበያ ላይ የወጣችው ቪያግራም ሥራዋን የምትሠራው በዚሁ በናይትሪክ ኦክሳይድ መንገድ ላይ ነው። (አሁን የሳቃችሁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እንቀጥል።)

ጋዙ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚኖረው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጡንቻውን ያላላል፣ የደም ሥሩ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ጠላት ግን አለው። ሱፐር ኦክሳይድ የሚባል ፍሪ ራዲካል ካገኘው ወዲያውኑ ይዋሃዱና ሌላ፣ ጠባዩ የከፋ ነገር ይሆናሉ። መልእክተኛው መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ጡንቻው ትእዛዝ ስላልደረሰው እንደተኮማተረ ይቆያል። ሱፐር ኦክሳይዱ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይህንኑ የሚያመርት ኢንዛይም አለ (ስሙ ኤንኤዲፒኤች ኦክሲዴዝ ነው፤ ፈተና ላይ አይመጣም)። ይህን ኢንዛይም ከሚቀሰቅሱት ዋነኛው ደግሞ አንጂዮቴንሲን የሚባል ሆርሞን ነው፤ ግፊትን ከፍ በማድረግ የታወቀው ራሱ። ይህን ሆርሞን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

እስካሁን ያልኩት የአይጥና የጥንቸል ወሬ ነው ብትሉኝ፣ በሰውም ተሞክሯል። በ1998 ጣሊያን ፒሳ ውስጥ እነ ስቴፋኖ ታዴይ ግፊት ያለባቸውን ሰዎች ክንድ ላይ መርፌ አስገብተው አሴቲልኮሊን ለቀቁ። የጤነኞቹ የደም ሥር ደህና አድርጎ ሲሰፋ የግፊተኞቹ እንደ ሰነፍ ተማሪ ዘገመ። ከዚያ እዚያው ደም ሥር ውስጥ ቫይታሚን ሲ በብዛት ለቀቁበት። ሰፋ! ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዳይመረት ሲያደርጉ ደግሞ የቫይታሚኑ ጥቅም ጠፋ። እንግዲህ በሐሳቡ ደረጃ ሁሉም ነገር ገጥሟል። ሱፍ የለበሰው ወጣት ይህን ጥናት ስክሪኑ ላይ አሳይቶናል፤ በትክክል ነው ያሳየን። ቫይታሚኑ የገባው በአፍ ሳይሆን በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ እንደሆነ ግን አልነገረንም።

አሁን ወደ እንክብሉ እንምጣ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ነርሶችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ቫይታሚን ኢ የሚወስዱት በልብ በሽታ የሚያዙት አነስ ባለ መጠን ነው አሉ። ዓለም ጮቤ ረገጠ። ግን በገዛ ፈቃዱ ቫይታሚን ገዝቶ የሚወስድ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሲጋራ የማያጨስ፣ ስፖርት የሚሠራ፣ ምግቡን የሚመርጥ፣ ገንዘብ ያለው። ታዲያ ከልብ በሽታ ያዳነው ቫይታሚኑ ነው ወይስ ኑሮው? ይህን ለመለየት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ዕጣ። ብዙ ሺህ ሰዎችን ሰብስበህ፣ በዕጣ ለሁለት ከፍለህ፣ ለግማሾቹ እውነተኛውን፣ ለግማሾቹ ባዶውን እንክብል ሰጥተህ፣ ማን የቱን እንደወሰደ ሐኪሙም ታማሚውም ሳያውቁ ዓመታት መጠበቅ።

ከነዚህ ሙከራዎች ሁሉ እኔ የምወደው በ2000 መጀመሪያ ላይ ውጤቱ የወጣውን ነው፤ “ሆፕ” ይባላል፣ ተስፋ እንደማለት። ዕድሜያቸው 55 የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ለልብ በሽታ የተጋለጡ ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች ገቡበት። የምወደው ለምን መሰላችሁ? በአንድ ሙከራ ውስጥ ሁለት ዕጣ ስለወጣ ነው። በመጀመሪያው ዕጣ ግማሾቹ ቫይታሚን ኢ፣ ግማሾቹ ባዶ። በሁለተኛው ዕጣ ግማሾቹ ራሚፕሪል የሚባል ተራ የግፊት መድኃኒት (የአክስቴ የኢናላፕሪል ወንድም ነው)፣ ግማሾቹ ባዶ። ያው ሕዝብ፣ ያው ሐኪሞች፣ ያው አራት ዓመት ተኩል። ቆንጆው ሐሳብና አሰልቺው ኪኒን አንድ ሜዳ ላይ ገቡ ማለት ነው፤ ዳኛውም አንድ።

ራሚፕሪል ከወሰዱት ሃርት አታክ፣ ስትሮክ ወይም በልብና በደም ሥር በሽታ ሞት የደረሰባቸው 14 ከመቶ ሲሆኑ፣ ባዶውን ከወሰዱት 17.8 ከመቶ ናቸው። ጥቅሙ ጎልቶ ስለታየ ይህ ክፍል ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ነው የቆመው። ቫይታሚን ኢስ? ከወሰዱት 16.2 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 15.5 ከመቶ። ልዩነት የለም ማለት ነው፤ ጭራሽ ቁጥሩ ወደ ክፉው ወገን ዘንበል ብሏል። በዚህ ተስፋ ያልቆረጡት ተመራማሪዎች ክትትሉን አራዘሙት፤ ምናልባት ቫይታሚን ጊዜ ይፈልግ ይሆናል ብለው። በ2005 የወጣው ውጤት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ላይ የልብ ድካም ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳየ።

አንድ ጥናት ነው ትሉ ይሆናል። በ2002 እንግሊዝ አገር ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች የገቡበት ሌላ ሙከራ ቫይታሚን ኢን፣ ሲንና ቤታ ካሮቲንን አንድ ላይ አድርጎ ለአምስት ዓመት ሰጠ፤ ምንም። በዚያው ሙከራ ውስጥ በሌላ ዕጣ የተሰጠው የኮሌስትሮል መድኃኒት ግን ሃርት አታክንና ስትሮክን በአንድ አራተኛ ገደማ ቀነሰ። በ2008 የአሜሪካ ወንድ ሐኪሞች ራሳቸው የተሞከሩበት ጥናት ወጣ፤ ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ሐኪሞች ልባቸው አልተጠቀመም፣ ደም በመፍሰስ የሚመጣው ስትሮክ ግን በዝቶባቸዋል። ሲጋራ ለምታጨሱ ወዳጆቼ ደግሞ የባሰ አለ። ፊንላንድ ውስጥ 29 ሺህ ያህል አጫሾች የገቡበት፣ በ1994 የወጣው ሙከራ ቤታ ካሮቲን የሳንባ ካንሰርን በ18 ከመቶ ጨመረ። አሜሪካኖቹ ተመሳሳይ ሙከራ ላይ ነበሩ፤ ተመሳሳይ ነገር ስላዩ ከቀጠሮው 21 ወር ቀድመው አቋረጡት።

እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ ሳነብ የተሰማኝ ንዴት ነው። ሁሉም በይፋ የታተሙ ናቸው፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው አሉ። አዳራሹ ውስጥ ግን ዓለም በ1998 ላይ ቆማ ቀርታለች።

ቆንጆው ሐሳብ ለምን ከሸፈ? አንዱ ምክንያት ሩጫ ነው። ሱፐር ኦክሳይድና ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚዋሃዱበት ፍጥነት ሁለት ቅንጣቶች በውኃ ውስጥ ሊገናኙ የሚችሉበት የመጨረሻው ፍጥነት ነው ማለት ይቻላል። ቫይታሚን ሲ ሱፐር ኦክሳይድን የሚይዝበት ፍጥነት ከዚያ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ያንሳል። ለመቅደም በጣም ብዙ ሆኖ መገኘት አለበት፤ በፒሳው ሙከራ በመርፌ በቀጥታ የገባውም ለዚህ ነው። በአፍ ከሆነ ግን አንጀትም ኩላሊትም ልክ ያውቃሉ፤ በቀን ከጥቂት መቶ ሚሊግራም በላይ ቢዋጥ በደም ውስጥ ያለው መጠን እምብዛም አይጨምርም፤ የተረፈው ወደ ሽንት ቤት ይሄዳል። የአክስቴን የጡረታ ገንዘብ ግማሽ የሚበላው እንክብል አብዛኛው ጉዞው ይኸው ነበር።

ሌላው ምክንያት፣ ፍሪ ራዲካል ሁሉ ቆሻሻ አለመሆኑ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርም የሚገድሉት በሱ ነው። ጡንቻም ስፖርት ሲሠራ የሚለቀቀውን እንደ መልእክት ይጠቀምበታል። በ2009 ጀርመን ውስጥ ወጣት ወንዶች ለአራት ሳምንት ስፖርት ሲሠሩ ለግማሾቹ ቫይታሚን ሲና ኢ ተሰጣቸው፤ ስፖርቱ ኢንሱሊንን በሚመለከት የሚያመጣው ጥቅም ቫይታሚን ባልወሰዱት ላይ ታየ፣ በወሰዱት ላይ ታፈነ። (የጂሙ ወዳጄ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ላንተ ነው የጻፍኳት።)

ሦስተኛውን እኛ ክረምት ላይ እናውቀዋለን። ቆርቆሮው ያፈሳል፤ እናታችን ጎድጓዳ ሳህን ታስቀምጣለች፤ ሳህኑ ይሞላል፣ ሌላ ይመጣል። ሳህን ማብዛት ቤቱን አያደርቀውም። ቫይታሚን ሳህን ነው።

አክስቴ ግን ሳህን ገዛች። ከስብሰባው በኋላ ለሁለት ወር ያህል ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት እንክብል። ምን አለበት፣ ትውሰድ፤ የአዳራሹ ሰዎች ግን “የኬሚካል መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ተዪው” ብለዋታል። እሷም ቀስ በቀስ አላለችም፤ በአንድ ጊዜ ተወችው። ቁርጭምጭሚቷ ጎደለ። ሳሏ ጠፋ። “አየህ?” አለችኝ። ምን ልበላት? እውነት ነው፤ ደህና ሆናለች። መድኃኒት የተወ ሰው የመድኃኒቱ ጠንቅ ይጠፋለታል፤ ግፊቱ ደግሞ ድሮም አይሰማትም ነበር። ይህ ንግድ በግፊት በሽታ ላይ የሚያብበው ለዚህ ይመስለኛል። በጥርስ ሕመም ላይ ሞክሩት እስቲ!

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግራ እጇ ደንዝዞ የቡና ሲኒ ከእጇ ወደቀ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እጇ ተመለሰ። ቤተሰቡ “ድካም ነው” አለ፤ የአክስቴ ልጅ ግን ታክሲ ይዛ አልጠብቅም አለች። ጤና ጣቢያ ሲለካ 200 በ116። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ “እማማ፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ትንሿ ስትሮክ ማለት ናት” አለቻት። ከዚያ የኪኒን ከረጢቷን ዘርግታ አየችው፤ ሁለቱ መድኃኒቶች ሳይነኩ ተቀምጠዋል። የጠበቅኩት ቁጣ ነበር። ዶክተሯ ግን “ለምን ተዉት?” ብላ ጠየቀች፣ ጠብቃም ሰማች። አክስቴ ስለ እግሯና ስለ ሳሏ ነገረቻት። “ይህን ለምን ሳይነግሩን? የሚያስለውን እኮ መቀየር ይቻላል!” አለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ “በቀን አንድ ፍሬ፣ ቀጣይ!” ነው የሚባለው። አዳራሹ ውስጥ ግን አርባ ደቂቃ ሙሉ ያናግሯታል፣ “እናቴ” ይሏታል፣ ሻይ ይቀዱላታል። ስለ ነጋዴዎቹ ስናወራ ይህንንም ብንጨምርበት አይከፋም።

“እና ሽፈራውስ? ነጭ ሽንኩርትስ? ፍራፍሬስ?” የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ምግብ ሌላ ነገር ነው። በ1997 የወጣው፣ 459 ሰዎች የገቡበት ዳሽ የተባለው የአሜሪካ ሙከራ ለአንዱ ቡድን አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የተቀነሰ ወተት የበዛበት ምግብ ለስምንት ሳምንት አበላ፤ ግፊት ካለባቸው ሰዎች ላይኛው ቁጥር 11 ነጥብ ያህል ወረደ። ይህ የአንድ ኪኒን ያህል ጉልበት ነው። ግን ያ ምግብ ውስጥ ያለው አንቲኦክሲደንት ብቻ አይደለም፤ ፖታሲየም አለ፣ ካልሲየም አለ፣ የሥጋና የጣፋጩ መቀነስ አለ። ኮንሶና አርባ ምንጭ አካባቢ ያሉ ሰዎች ሽፈራውን እንደ ጎመን ቀቅለው ከኩርኩፋ ጋር ይበሉታል፤ ምግባቸው ነው። እኛ ከተሜዎቹ ነን በካፕሱል ሞልተን መድኃኒት ያደረግነው። ቫይታሚን ሲም ቢሆን ፍጹም ከንቱ ነው ብል እዋሻለሁ። በ2012 ሃያ ዘጠኝ አጫጭር ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ ላይኛውን ቁጥር በ4 ነጥብ ገደማ ቀንሷል። ከ200 ላይ 4 ቀንሱ። ሲደባለቅስ? አውስትራሊያ ፐርዝ ውስጥ በ2005 የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ቫይታሚን ሲና የወይን ፍሬ ፖሊፌኖል አንድ ላይ ሲሰጣቸው ግፊታቸው ወደ 5 ነጥብ ያህል ወጣ! ወጣ ነው ያልኩት፤ ወረደ አላልኩም። የአክስቴ እንክብል ብልቃጥ ላይ ያሉትን ስሞች ሳነብ ሁለቱም አሉበት።

ያቆየሁት ሆርሞን ነበር፤ አንጂዮቴንሲን። የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ያለውን የሱፐር ኦክሳይድ ፋብሪካ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው ብያለሁ። እነ ራሚፕሪልና ኢናላፕሪል የሚሠሩት ሥራ ይህ ሆርሞን እንዳይመረት ማድረግ ነው። አክስቴ በኢናላፕሪል ፈንታ የተሰጣት ሎሳርታን ደግሞ ሆርሞኑ ተመርቶም ቢሆን የሚያርፍበትን በር ይዘጋል፤ ሳልም እምብዛም የለውም። ሆፕ ላይ ራሚፕሪል ያሸነፈው በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ ግፊትን መቀነሱ ራሱ ብዙ ይሠራል። ነገር ግን ሱፍ የለበሰው ወጣት ሲያወራለት የነበረውን ሥራ፣ ራዲካሉ ከምንጩ እንዳይወጣ የማድረጉን ሥራ፣ ከአክስቴ ትራስ ሥር ተጥሎ የነበረው ርካሽ ኪኒን ነው ሲሠራ የቆየው። ጣሪያ ላይ የሚወጣው እሱ ነው።

አሁን አምሎዲፒኑ ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም ወርዶላታል፣ ሎሳርታን ጠዋት ትወስዳለች፤ ጾም ሲሆን ሰዓቱን ዶክተሯ ራሷ አስተካክላላታለች። ባለፈው ወር 136 በ84 ነበረች። ቁርጭምጭሚቷ ትንሽ ያብጣል፤ ሳል የለም። ሽፈራው ሻይዋን አልተወችም፣ እኔም ተዪ አላልኳትም። የሰፈራችን ልጅ አሁንም ለቡና ትመጣለች፤ ያልተሸጡ አሥራ አንድ ብልቃጦች ቤቷ አሉ፣ ብድር ወስዳ ነው የገዛቻቸው።